የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኤአይ የነገረንን በምን እንመዝነው?

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ካሉ ሰፈሮች ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል። ሰው የደመወዙን ግብር፣ የቤቱን ወለል፣ የልጁን መድኃኒት፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሳይቀር ስልኩ ላይ ያለውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየጠየቀ ነው። የሚያስጨንቀው የቱን መልስ አምኖ የቱን እንደሚተው ነው። ጉዳዩ ገንዘብንም ጤናንም ስለሚነካ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሱቅ ነው የምሠራው። እኔም ደንበኞቼም ቻት ጂፒቲና ጀሚናይን እንጠይቃለን። አንዱ ደንበኛዬ «አማርኛው የጠራ ከሆነ መልሱም የጠራ ነው» ይላል። ሌላው «እርግጠኛ ነህ? ብለህ መልሰህ ጠይቀው፤ ካልተለወጠ እውነት ነው» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱን ይጠይቅና ሲስማሙ ያምናል። ማን ነው ልክ?
— ከቡራዩ

መልስ፦ ሦስቱም አይደሉም። ብዙ ሰው የሚመዝነው በእነዚሁ በሦስቱ መንገዶች ስለሆነ እያንዳንዱን እንያቸው።

በአማርኛው እንጀምር። እነዚህ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብበው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመት የተማሩ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሳካላቸው አነጋገሩ ነው። «የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው» እና «የዓመት ፈቃድ 14 የሥራ ቀን ነው» የሚሉት እንደ ዐረፍተ ነገር እኩል ያማሩ ናቸው፤ እውነቱ ግን አንዱ ብቻ ነው። ሰው ሲያነጋግረን አንደበቱ የተፈታ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ይመስለናልና ያንኑ ልማድ ይዘን ማሽኑ ዘንድ እንሄዳለን። የመልሱ መርዘም፣ በተራ ቁጥር መደርደሩ፣ በልበ ሙሉነት መነገሩም እንደዚያው የውጭ መልክ ነው።

በተቃራኒው አማርኛው ተንጋደደ ተብሎ መልሱ አይጣልም። ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ሲኖረው የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። በዚያ ላይ አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒውተር 1 ባይት (የማከማቻ መለኪያ ነው) ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎችም የአማርኛን ቃል ትንንሽ ቁራጭ አድርገው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ አነጋገሩ ተሰናክሎ ፍሬ ነገሩ ልክ ሊሆን ይችላል።

«እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ የሚፈትነው እውቀቱን አይደለም። መሣሪያዎቹ ተጠቃሚን እንዲያስደስቱ ተደርገው የሰለጠኑ ናቸውና ልክ የነበረውን «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብለው ሊያነሱት፣ የተሳሳተውን ደግሞ «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ» ብለው ሊያጸኑት ይችላሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ላይ ክስ የያዙ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን 6 የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ማጣቀሻ አድርገው አቅርበዋል። አንደኛው ጠበቃ ውሳኔው በእርግጥ አለ ወይ ብሎ መሣሪያውን ራሱን ጠይቆ «አዎ» ተብሏል። ዳኛው ጠበቆቹንና ቢሯቸውን 5,000 ዶላር ቀጥተዋል። ምስክሩን ስለ ራሱ ምስክርነት መልሶ መጠየቅ ሌላ ምስክር አያስገኝም።

የሁለት መሣሪያዎች መስማማትም ብዙ አይመዝንም፤ ሁለቱም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያነበቡ ናቸውና ስህተቱን አብረው ይደግሙታል። መለያየታቸው ግን ይጠቅማል፤ ማጣራት ያለብዎት እዚያ ጋ መሆኑን ይጠቁማል። አንዱን ጥያቄ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በየራሱ አዲስ ገጽ ከፍተው ይጠይቁና ቁጥሮቹን ያስተያዩ። በአንድ ገጽ ላይ ካስከተሉት የመጀመሪያውን መልስ እያየ ነው የሚመልሰው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ካነበቡ በኋላ ከውስጡ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የሰውና የድርጅት ስሙን፣ የሕግ ቁጥሩን፣ መጠኑን ብቻ ነቅሰው ወረቀት ላይ ያውጡ። አንድ ገጽ መልስ ብዙ ጊዜ ወደ አምስት ስድስት ነጥብ ይወርዳል። ከእነዚህ ውስጥ ቢሳሳት ገንዘብዎን፣ ጤናዎን ወይም ጊዜዎን የሚያስከፍልዎት የቱ እንደሆነ ይለዩ። ከማሽኑ ውጭ የሚጣራው ያ ነው፤ ሁሉን ላጣራ ቢሉ ዳታውም ጊዜውም አይበቃም። መልሱ ሊንክ ይዞ ከመጣ ይክፈቱት። ገጹ ይከፈታል? በአሳሹ «ገጽ ውስጥ ፈልግ» የሚለው ትእዛዝ ቁጥሩን ያገኘዋል? የተጻፈው መቼ ነው? የጻፈውስ ማን ነው? ሊንኩ ትክክለኛ ሆኖ ውስጡ የተባለው ነገር ፈጽሞ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና ሊንክ መኖሩን ብቻ አይቶ ማለፍ ዋጋ የለውም።

አጠያየቅም ይወስናል። «ቡና ለደም ግፊት ጥሩ ነው አይደል?» ካሉት ወደሚፈልጉት መልስ ገፍተውታል። «ቡና በደም ግፊት ላይ ምን ያደርጋል? የሚጠቅምም የሚጎዳም ካለ ለየብቻ ንገረኝ» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ገላን ባለ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ኤአዩ የ9,000 ብር ደመወዝ ግብር 1,745 ብር ነው አለኝ። የዓመት ፈቃድ በ14 ቀን ይጀምራል፣ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው ብሎም ጻፈልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ካሰላችው ጋር አልገጠመም። ማሽኑ ሂሳብ አይችልም ማለት ነው?
— ከገላን

መልስ፦ ሂሳቡን አልሳተም። የሠራው በተሻረ ሕግ ነው። ይህ ዓይነቱ ስህተት የትም ስለማይጎረብጥ ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው።

1,745 ብር የመጣው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ ነው፤ 9,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 955 ሲቀነስ። ያ ሠንጠረዥ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተቀይሯል። ከግብር ነጻ የሆነው 600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። በዚህ ሲሰላ 300 እና 600 እና 500፣ በድምሩ 1,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ለአንድ ሠራተኛ በወር 345 ብር ነው፤ የሙሉ ፋብሪካ ደመወዝ ላይ ምን እንደሚያደርስ እርስዎ ያውቁታል።

ፈቃዱና የሙከራ ጊዜውም እንዲሁ ነው። 14 የሥራ ቀንና 45 ቀን የአሮጌው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ናቸው። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን፣ ለሙከራ እስከ 60 የሥራ ቀን ይላል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ በአሮጌው ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ነበር። የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ከአንድ ሩብ ወደ አንድ ተኩል ጨምሯል።

ማሽኑ አሮጌውን ለምን ያነሳል? አዋጅ 377 ለ15 ዓመት ሥራ ላይ ስለነበረ ብዙ ተጽፎበታል። ማሽኑ የሚያመዝነው በብዛት የተጻፈውን ነው፤ «የተሻረ» የሚለው ማኅተም ደግሞ በየጽሑፉ ላይ አልተመታም። የዶላር ምንዛሪም በዚሁ ምክንያት አንዳንዴ በ57 ብር ገደማ ይነገርዎታል፤ ያ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የነበረው ዋጋ ነው።

አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ። መጨረሻ ላይ የወጣው ቁጥር ልክ መሆኑ ሕጉ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በአሮጌው ሕግ በየተጨማሪው ዓመት 1 ቀን ሲጨመርለት 14 ሲደመር 4፣ 18 ቀን ያገኛል። በአዲሱ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት 1 ቀን ሲጨመርለት 16 ሲደመር 2፣ ያው 18 ነው። በዚህ ሠራተኛ ብቻ ቢፈትኑት «ልክ ነው» ብለው ያልፉትና የ2 ዓመቱና የ8 ዓመቱ ላይ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ቢያንስ በሁለት የተራራቁ ምሳሌዎች ይፈትኑት።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓመቱ ነው። የአዋጅ ቁጥር በአማርኛው የሚጻፈው በእኛ፣ በእንግሊዝኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 979/2008 በእንግሊዝኛ 979/2016፣ 1395/2017 ደግሞ 1395/2025 ይባላል። ኤአዩ የእንግሊዝኛውን ይዞ በአማርኛ ሲመልስ «አዋጅ 979/2016» ብሎ ከጻፈልዎት የ2008ቱን ሕግ ትናንት የወጣ አስመሰለው ማለት ነው። ሁልጊዜ ከመስመሩ በፊት ያለውን ተራ ቁጥር ያስተያዩ፤ እሱ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፣ ትልቁም አዲሱ ነው።

ሲጠይቁ «ስንት ነው?» ብቻ አይበሉ፤ «በየትኛው አዋጅ፣ በየትኛው አንቀጽ? ተሻሽሏል ወይ?» ይበሉት። ከዚያ አዋጁን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከፍተው አንቀጹን በዓይንዎ ያንብቡ። ጋዜጣው ላይ ጎን ለጎን ያሉት የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ዓምዶች ከተለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ነው። የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ለማሽኑ ሰጥተው የሚያስነብቡ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ በስካነር የተነሡ ምስሎች ናቸው። ጽሑፉን ማንበብ ሲያቅተው ዝም አይልም፣ ይገምታል። ፒዲኤፉ ላይ አንድ ቃል በጣትዎ መምረጥ ካልቻሉ ምስል ነው።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ቤት እየሠራሁ ነው። 6 በ8 ሜትር ለሆነ ወለል፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በሲ-25 አርማታ ስንት ሲሚንቶ ይፈጃል ብዬ ኤአይን ብጠይቀው «35 ኩንታል» አለኝ። ግንበኛው 18 ይበቃል ይላል። ማንን ልመን?
— ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ግንበኛዎን ይመኑ፤ ግን እንዲያው አይመኑት፣ ሂሳቡን አብረውን ይሥሩት።

6 በ8 ሲባዛ 48 ካሬ ነው። በ0.10 ሜትር ሲባዛ 4.8 ሜትር ኩብ ይሆናል። እኛ አገር ለሲ-25 (የአርማታው የጥንካሬ ደረጃ ነው) የሚያዘው ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው፤ 4.8 በ360 ሲባዛ 1,728 ኪሎ። በ50 ኪሎ ከረጢት ሲካፈል 34.6፣ ማለትም 35 ከረጢት ነው። በኩንታል ሲሆን 17.3 ነው። መሣሪያው የቆጠረው ከረጢት ነው፤ ስሙን ግን ኩንታል ብሎታል። ውጭ አገር የተጻፈው ሁሉ በከረጢት ነው የሚቆጥረው፣ እኛ ደግሞ ሲሚንቶ የምንገዛው በኩንታል ዋጋ ነው፣ አንድ ኩንታልም ሁለት ከረጢት ነው። በመልሱ ተመርተው ቢገዙ ኖሮ የሲሚንቶው ወጪ እጥፍ ይሆን ነበር፤ የተረፈው ከረጢትም እርጥበት ስቦ ይበላሻል። ለብክነት 5 በመቶ ቢጨምሩ 1,814 ኪሎ፣ ማለትም 37 ከረጢት ነው።

በሌላ መንገድም ይመዝኑት። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ከሆነ በድምሩ ስድስት እጅ ነው። 4.8 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አርማታ በደረቁ 1.54 እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል፣ 7.4 ሜትር ኩብ ገደማ። አንድ ስድስተኛው 1.23 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ነው፤ በ1,440 ኪሎ ሲባዛ 1,770 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከ1,728 ጋር ተቀራርቧል። በሁለት የተለያየ መንገድ የመጣ ሂሳብ ሲቀራረብ ያን ጊዜ ይታመናል።

ለፌሮም አጭር መፈተኛ አለ። የዲያሜትሩን ሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተው በ162 ሲያካፍሉ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12 ፌሮ 144 ለ162፣ 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ 10.7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ኤአዩ ከዚህ የራቀ ካመጣ አሃድ አምታቷል።

ይህ ሁሉ ዕቃ ለመግዛት ነው። የሶሌታ ውፍረት፣ የኮለን ስፋት፣ የፌሮ ብዛትና አጣጣል መሐንዲስ ፈርሞ የሚኖርበት ነገር ነው። ማሽኑ አፈርዎን አላየውም።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ትኩሳት ሲይዛት ኤአይን ጠየቅኩት፤ ክብደቷ 12 ኪሎ ነው ብዬው «የፓራሲታሞል ሽሮፕ 7 ሚሊ ሊትር ስጪ» አለኝ። ጎረቤቴ ግን አደገኛ ነው ብላ ከለከለችኝ። አደገኛ ነው እንዴ?
— እናት፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ እህታችን፣ ጎረቤትሽ ጥሩ አድርጋለች። መልሱ ልክም አደገኛም ሊሆን የሚችል ነው፤ የሚወስነው ማሽኑ ያላየው ጠርሙስ ነው።

የልጅ ፓራሲታሞል የሚለካው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለ12 ኪሎ ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ፤ ቢያንስ 4 ሰዓት እየተቆጠረ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ሽሮፑ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለ፣ በሌላው 250። ከመጀመሪያው ለልጅሽ የሚሆነው ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከሁለተኛው ከ2.4 እስከ 3.6 ብቻ ነው። ከጠንካራው 7 ሚሊ ሊትር ብትሰጫት 350 ሚሊ ግራም ወሰደች ማለት ነው፤ ከሚገባት ከፍተኛው መጠን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህ በተደጋጋሚ ሲሆን ጉበት ይጎዳል።

ስለዚህ የጠርሙሱን ጥንካሬ ሳይጠይቅሽ ሚሊ ሊትር የነገረሽ መሣሪያ መልሱን ከመገመት አላለፈም። ጠርሙሱን ይዘሽ ፋርማሲስቱ ዘንድ ሂጂ፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። የቤት ማንኪያ አይሆንም፣ ከሽሮፑ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ተጠቀሚ። ሌላ የጉንፋን መድኃኒት አብረሽ የምትሰጫት ከሆነ ውስጡ ፓራሲታሞል እንዳለው አይተሽ እወቂ።

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ ያለ ልጅ መጠጣትና መጥባት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ፣ ስልኩን አስቀምጠሽ ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ጥያቄ፦ ቂሊንጦ የምማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኤአይ ለመመረቂያ ጽሑፌ 12 ማጣቀሻ ሰጠኝ። አማካሪዬ «ግማሾቹ የሉም» አሉኝ። የደራሲዎቹ ስም እውነተኛ ነው፣ መጽሔቶቹም አሉ። እንዴት ነው የማይኖሩት?
— ሴት ተማሪ፣ ከቂሊንጦ

መልስ፦ መሣሪያው የማጣቀሻን መልክ አሳምሮ ያውቀዋል። ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ መጽሔት፣ ቅጽ፣ ገጽ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከእውነተኛ ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ላይ የተሰፋው ጽሑፍ ግን የትም የለም። በተለይ ድረ ገጽ ሳይፈልግ ከራሱ ሲመልስ ይህ ይበዛል።

ማጣራቱ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ10 እና በነጥብ የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥር፣ ማለትም የጽሑፉን ልዩ መለያ፣ ኮፒ አድርገሽ «ዲኦአይ ዶት ኦርግ» ላይ አስገቢው። ወይ አልተገኘም ይላል፣ ወይ የተባለውን ጽሑፍ ይከፍታል፣ ወይ ሌላ ጽሑፍ ይከፍታል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በሦስተኛው ነው፤ «ተከፈተ» ብሎ ያልፋል። ርዕሱን ከርዕሱ አስተያዪ።

የአገራችን ብዙ መጽሔቶችና የማስተርስ ጽሑፎች ዲኦአይ የላቸውም። ለእነሱ ሙሉ ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጊ። የኢትዮጵያዊ ስም ከሆነ በራሱም በአባቱም ስም ሞክሪ፤ የፈረንጅ አጻጻፍ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም እያደረገ ያገላብጠዋል። ቅጹንና ዓመቱንም አስተያዪ። በዓመት አንድ ቅጽ የሚያወጣ መጽሔት ቅጽ 50ን በ2012 ካወጣ፣ ቅጽ 58 የሚሆነው በ2020 እንጂ በ2015 አይደለም።

ጽሑፉ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝም ሥራው አላለቀም። ማሽኑ «ይህን አረጋግጧል» ያለውን ቢያንስ በአጭር መግለጫው ውስጥ አንብቢው፤ ያልተባለ ነገር መለጠፍም ያዘወትራል። የተሻለው መንገድ ጽሑፉን ራስሽ ፈልገሽ አግኝተሽ ፒዲኤፉን መስጠት ነው። ከዚያ «ይህን የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከነገጽ ቁጥሩ ቃል በቃል አውጣልኝ» በይው፤ ያወጣልሽንም ፒዲኤፉ ውስጥ ፈልጊ። ፍለጋው ካላገኘው ያን ነጥብ ጣይው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ የቤት ሥራውን በኤአይ ሠርቶ «የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1896 ዓ.ም.» ብሎ አመጣልኝ። ለምን እንዲህ ያደርጋል?
— ከኮተቤ ካራ

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀኑን ከእኛ፣ ዓመቱን ከፈረንጁ ወስዶ አጋብቶታል። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ስለሆነ ማሽኑ ወደ ኋላ ቆጥሮ «ማርች 2 ቀን 1896» ብሎም ሊስት ይችላል። አንድ ቀን የገፋው 1900 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚሆንበት) ስላልነበረ ነው።

ልጁ እንዲህ ይፈትነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በእኛው ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ ቀጥሎ በ2019 ትሆናለች፣ በማግስቱ ያለው እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ሰዓትም አብሮ ይታይ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያልነውን በፈረንጅ 3 ኤኤም፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ አድርጎ የተረጎመ መሣሪያ ሰው ፈተና ያስቀራል። ዓመት በጻፈልን ቁጥር «ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.?» ብሎ መጠየቅን ቢያስለምዱት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ በቻት ጂፒቲ ስም የሚሠራ ቦት አለ። እውነተኛው ነው? ራሱን ስጠይቀው አዎ ይላል።
— ከለቡ

መልስ፦ ከኋላው የትኛው መሣሪያ እንዳለ ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ የራሱ ቃልም አይቆጠርም። ባለቤቱ የማይታወቅ ቦት የጻፉለትን ሁሉ ማስቀመጥ ይችላል፤ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ፣ የምስጢር ኮድ፣ የሕክምና ወረቀት ፎቶ አይላኩለት። የኩባንያውን የራሱን መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ 200 ጫጩት አለኝ፣ 7 ሳምንታቸው ነው። ኤአይ «የእንቁላል ጣይ መኖ ስጣቸው፣ ቶሎ ይጥላሉ» አለኝ። አንዷ አንገቷ ሲጣመም ፎቶ አንስቼ ብልክለት ደግሞ «የቫይታሚን እጥረት ነው» አለ። ልከተለው?
— ዶሮ አርቢ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ አይከተሉት። የጣይ መኖ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ታዳጊ ግን 1 በመቶ ያህል ይበቃታል። ትርፉ ኩላሊታቸውን ይጎዳል፣ ይገድላቸዋልም። ወደ ጣይ መኖ የሚሸጋገሩት መጣል ሊጀምሩ ሲቃረቡ፣ በ17ና በ18 ሳምንት አካባቢ ነው። ማሽኑ የጣይ ዶሮን መመሪያ አንብቦ ዕድሜውን ሳይጠይቅዎት ነው የመለሰው። እንስሳን በተመለከተ ዕድሜ፣ ክብደትና ዝርያ ያልጠየቀ መልስ ሁሉ ግማሽ መልስ ነው።

የአንገት መጣመም ከቫይታሚን እጥረት ሊመጣ ይችላል፤ ፈንግል ከሚባለው የዶሮ ተላላፊ በሽታም ይመጣል። ፎቶ ሁለቱን አይለይም፣ የሚለየው የእንስሳት ሐኪም ምርመራና ላቦራቶሪ ነው። እስኪታይ ድረስ የታመመችውን ለይተው ያስቀምጡ፤ ጤነኞቹን መጀመሪያ፣ እሷን መጨረሻ ይመግቡ፤ በመካከል ጫማና እጅዎን ይታጠቡ፤ ከግቢው ዶሮ አይሽጡ። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚያመርተው ሲሆን መጠኑና አሰጣጡ ብልቃጡ ላይ ይጻፋል፤ ኤአዩ የነገረዎት ከብልቃጡ ከተለየ የብልቃጡን ይያዙ። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ሕያው ክትባት ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ንጹሕ ውኃ ይጠቀሙ ወይም በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ቀድመው ይበጥብጡበት። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ከከለከሏቸው በኋላ ይስጧቸውና በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ያድርጉ።